በሮቢ ውሃ የተገዛ ቀን

የሮቢ ወንዝ ሞልቷል። በጣርማ በር በኩል ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ረፋዱ ላይ ቆላ ደርሶ ውሃውን ቀይ አድርጎታል፤ የተነቀለ የማሽላ አገዳና የግራር ጉቶ እያንከባለለ ይወርዳል። መምሬ አጥናፌ ከበቅሎዋ ሳይወርድ ዳር ላይ ቆሞ ተመለከተው። የበቅሎዋን ልጓም የያዘው ሷሊሕ ሽርጡን እስከ ጭኑ ሰብስቦ፣ ጥልቀቱን በዱላው እየለካ ቀድሞ ገባ።

«ይሻገራል፣ መምሬ» አለ ሳይዞር። «እስከ ሆዷ ነው። ብቻ እግርዎን ከእርካቡ ያውጡ፣ ብትወድቅ አብራ እንዳትወስድዎ።»

«እስኪጎድል ብንጠብቅስ?»

«ምን ይጎድላል? ደመናውን አላዩትም? ከሰዓት በኋላ ይብስበታል። ግራዝማች ደግሞ በቀትር አድርስልኝ ነው ያሉኝ።»

መምሬ አጥናፌ አሥራ አራት ወር ሙሉ ሸዋ ሮቢት ከጣሊያን የመንገድ ሥራ ሰፈር ነበር። ሥራው ጠዋት ጠዋት ድንጋይ የሚፈልጡትንና አፈር የሚዝቁትን ሠራተኞች ስም መጥራት ነው፤ የሰፈሩ ካቦ ቄስ ስሙን ከጠራው ሠራተኛ አይቀርም ብሎ ያምን ነበር። ካቦው ያላወቀው፣ ይህ ስም ጠሪ ቄስ ስንት ካሚዮን እንደወጣ፣ ስንት ወታደር እንደገባ፣ መትረየሱ በየት በኩል እንደተጠመደ ለአርበኞቹ አለቃ ለግራዝማች በቀለ የሚልክ የውስጥ አርበኛ መሆኑን ነው። ወረቀቱን የሚያደርሰው ሷሊሕ ነበር። ሷሊሕ ከማጀቴ ሮቢት በርበሬና ጨው የሚያመላልስ የይፋት ነጋዴ ነው። ጣሊያን የሙስሊም ወዳጅ ነኝ እያለ በየገበያው ያስለፍፋል፤ ሷሊሕም ወዳጅነቱን አልተቀበልኩም አላለም። ጭነቱ ሳይፈታ ያልፍለታል፣ ወረቀቱም በበርበሬው ውስጥ ተቀብሮ ይሄዳል።

ትናንት ግን ሷሊሕ የመጣው ወረቀት ሊቀበል አልነበረም፤ ሰውየውን ራሱን ሊወስድ ነው። ጣሊያን ቤተ ክርስቲያኗን ያቃጠለባት የሾላ ማርያም ታቦት በገደሉ ወገብ ላይ ባለ ዋሻ ተሸሽጋለች። የፍልሰታ ጾም ከገባ ጀምሮ የግራዝማች ሰዎች በዚያ ንስሐ ገብተው ሱባኤ ይዘዋል። አርባ ሁለት ሰው ሊቆርብ ተዘጋጅቷል። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ተቀድሶ ይቆርባሉ፤ ዓርብ ጎህ ሲቀድ በሮቢ ድልድይ አጠገብ ያለውን የጣሊያን ምሽግ ይመታሉ። ግማሹ ወታደር ካሚዮን አጅቦ ወደ ደብረ ሲና መውጣቱን፣ ቅዳሜ ማታ እንደሚመለስም የላከው ራሱ አጥናፌ ነው። ታዲያ ሰኞ ዕለት ሁለተኛው ቄስ በንዳድ ሞቱ። ቅዳሴ ያለ ሁለት ቄስና ያለ ሦስት ዲያቆን አይቀደስም። ዲያቆናቱ አሉ፣ ሽማግሌው አባ ገብረ ሕይወት አሉ፣ የጎደለው አንድ ቄስ ነው። በዚያ አካባቢ ካልተገደሉትና ለጣሊያን ካልገቡት ቄሶች የተረፈው ደግሞ አጥናፌ ብቻ ነበር።

እንዲህ ይባል እንጂ፣ አጥናፌ ቄስ አልነበረም። ክህነቱ ከፈረሰ ዘጠኝ ወር አልፎታል። በዚያ አካባቢ ይህን የሚያውቁት እሱና ሷሊሕ ብቻ ናቸው።

የወደቀው አንድ ቀን ተነሥቶ አይደለም። ሮቢት በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ በዕለተ ረቡዕ፣ ካቦው ጋሌጣ የሚሉትን ደረቅ ዳቦና የቆርቆሮ ሥጋ ዘረጋለት። እምቢ ካልኩ ይጠረጥረኛል ብሎ በላ፤ ለአገሬ ስል ነው አለ። ቀጥሎ የሽቦ አልጋና አጎበር ሰጡት፣ ከተማው ውስጥ የሚሠራው ቤተ ክርስቲያን ሲያልቅ አለቃ ትሆናለህ አሉት። ሹመቱን ሊቀበል አላሰበም፤ ነገር ግን ሲነግሩት ደስ ብሎት ነበር። ከዚያ አስተርጓሚዎቹ ማታ ማታ ምላሳቸው የሚፈታው እቴነሽ ጠጅ ቤት ነው ተባለና እዚያ መቀመጥ ጀመረ፤ ይህም ለአገር ነበር። በጥቅምት ንዳድ ጣለው። እቴነሽ ከጠጅ ቤቷ ጓዳ አስተኝታ፣ ሃያ ቀን ሙሉ አጥሚት በእጇ እያጠጣች አዳነችው። በሃያ አንደኛው ቀን ተነሥቶ መሄድ ይችል ነበር፤ አልሄደም፤ ያን ጊዜ ግን ለአገሬ ስል ነው የሚለውን እሱም አልደፈረውም። እቴነሽ ክፉ ሴት አልነበረችም። ሚስት እንዳለው ታውቃለች፣ አንድም ቀን ስለሷ አልጠየቀችውም። በግንቦት ከአንድ ሾፌር ጋር ወደ ደሴ ሄደች፣ እሱንም ለቀቀችው። ቄስ በቁርባን ካገባት ሚስቱ ሌላ ሴት ከነካ ግን ነገሩ በመለያየት አይዘጋም። እንደ ማንኛውም ክርስቲያን ንስሐ ገብቶ ይቅር ይባላል እንጂ ወደ መቅደስ አይመለስም።

ይህን ሁሉ በልቡ ይዞ ነው ወንዙ ዳር የቆመው። ትናንት ሷሊሕ መልእክቱን ሲነግረው «አልችልም» ሊል አፉን ከፍቶ፣ ምክንያቱን መናገር እንዳለበት ሲገባው መልሶ ዘጋው።

መሀል ላይ ሲደርሱ በቅሎዋ ድንጋይ ረግጣ ተንሸራተተች፤ አጥናፌ በጎኑ ወደቀ። ሷሊሕ ደርሶ ክንዱን እስኪይዘው ያለው ጊዜ አንድ አቡነ ዘበሰማያት አያስደግምም። በዚያች ጊዜ ውስጥ ግን አንድ ሐሳብ መጣለት። ሊቀድስ የሚሄድ ቄስ ከዋዜማው ጀምሮ እህልም ውሃም ባፉ አይዞርም። ጠብታ ከገባበት ያን ቀን አይቀድስም፤ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቀውም። ዝንብ እንኳ ባፋቸው ገብታባቸው የቀሩ ቄሶች በየአጥቢያው አሉ። አፉን መዝጋት ይችል ነበር፤ ከፈተው። ቀዩ ውሃ አፈር አፈር እያለ በጉሮሮው ወረደ።

ሷሊሕ ጎትቶ ዳር አወጣው። በቅሎዋ ራሷ ወጥታ ጆሮዋን ታራግፋለች። አጥናፌ ጥምጥሙን ጨምቆ መልሶ ሲጠመጥም፣ ሷሊሕ ከጎኑ ተቀምጦ የሽርጡን ጫፍ ይጨምቅ ነበር።

«ውሃ ገባብዎ?»

«ገባ።»

«እንግዲያው ዛሬ አይቀድሱም ማለት ነው።» ሷሊሕ ከክርስቲያን ጋር ተጎራብቶ ያደገ ሰው ስለሆነ የቄሶቹን ሥርዓት ያውቃል።

«አልቀድስም።»

ሷሊሕ የሽርጡን ጫፍ ለቀቀ። «ሲወድቁ አይቼዎታለሁ፣ መምሬ። ደግሞም አላየሁም። ሮቢት ያየሁትንም አላየሁም፤ ወላሂ እስክሞት ካፌ አይወጣም። ግን አንድ ነገር ልበልዎ፣ አይቆጡኝ። እኛ ዘንድ ውዱእ የሌለው ሰው ከፊት ቆሞ አያሰግድም። መፍረሱ ትዝ ካለው መሀሉም ላይ ቢሆን ጥሎ ይወጣል፣ ሌላው ይተካዋል። ሰው ምን ይለኛል ብሎ ከቆመ፣ የኋላው ሰውማ ምን ያውቃል? ጣጣው የራሱ ነው።»

«እናንተ ዘንድ ታጥቦ ይመለሳል» አለ አጥናፌ።

«እሱስ እውነት ነው» አለና ሷሊሕ ተነሥቶ የበቅሎዋን እርካብ ማስተካከል ጀመረ።

ዋሻው ደጃፍ ሲደርሱ ቀትር አልፎ ነበር። አጥናፌ መጀመሪያ ያየው ነጩን ልብስ ነው። ዓመት ከመንፈቅ በዱር የኖሩ ሰዎች፣ ጎፈሬያቸው ትከሻቸውን የነካ፣ ዝናራቸው ውስጥ ጥይት ከአምስት የማይበልጥ፣ ለቁርባኑ ብለው ልብሳቸውን በእንዶድ አሳጥበው ለብሰዋል። ጓንዴውም ምንሽሩም ከዋሻው ውጭ በአንድ ዛፍ ሥር ተደግፏል። ሲያዩት ሁሉም ተነሡ። መስቀሉን ለመሳለም ተሰለፉ፤ አጥናፌም መስቀሉን አወጣ። መከልከል እንዴት ይችላል? አርባ ሁለት ግንባር አሳለመ፣ እያንዳንዱን «ይባርክህ» አለ። እያንዳንዱም ከሮቢ ውሃ ይልቅ ይመርረው ነበር።

ግራዝማች በቀለ መጨረሻ መጡ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ከማረኩት የጣሊያን ካፖርት ላይ ማዕረጉን ነቅለው ቁልፉን ብቻ ያስቀሩ ሰው ናቸው። ጎንበስ ብለው ተሳለሙ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ አባቴ። እኛ በጥይት የሠራነውን እርስዎ በወረቀት ነው የሠሩት። ይግቡ፣ አባም ሲጠብቁዎ ነው የዋሉ።»

«ግራዝማች፣ ሮቢን ስሻገር ወደቅሁ። ውሃ ገባብኝ።»

ግራዝማች ፊታቸው ትንሽ ጠቆረ፤ ወዲያው ግን ፈገግ አሉ። «ሮቢም ለጣሊያን ገብቶላ። እንግዲህ ምን ይደረጋል? ወደ ደብረ ሲና የወጣው ጓድ የሚመለሰው ቅዳሜ ማታ ነው አላሉም?»

«ቅዳሜ ማታ ነው ሲሉ የሰማሁት።»

«እንግዲያው ነገ እንቆርባለን፣ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እንወርዳለን። ጊዜው ይበቃናል። እነዚህ ልጆች ይኸን ያህል ተዘጋጅተው ሳይቆርቡ ወስጄ ከሚሞቱብኝ አንድ ቀን ብታገሥ ይሻለኛል።»

አጥናፌ ትንፋሹ ተመለሰለት። አንድ ቀን ተገኘች። በዚያች አንድ ቀን ምን ሊያደርግባት እንዳሰበ ብትጠይቁት አያውቀውም፤ የሚያውቀው ዛሬ መናገር እንደሌለበት ብቻ ነው። ሷሊሕ በቅሎዋን ይዞ ሳይሰናበተው ወረደ።

ወደ ማታ ሚስቱ ወርቅነሽ የማሽላ ንፍሮ በሰፌድ ይዛ መጣች። ቤተ ክርስቲያኑ ከተቃጠለ ወዲህ ከአርበኞቹ ጋር ናት፤ ውሃ ትቀዳለች፣ ትፈጫለች፣ ቁስል ታጥባለች። ከስታ አንገቷ ረዝሟል። ለቁርባን የተዘጋጁ በመሆናቸው በመካከላቸው ክንድ የሚያህል ቦታ ትታ ከድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እሷም ነገ አብራው ልትቆርብ ነበር።

«አማረብህ» አለችው። «የሮቢት ሙቀት ያከሳል ሲሉ አንተን አወፍሮሃል።»

«ምግባቸው ነው።»

«ብላ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ምን አባታቸው።» ሳቀች። «ያ ለጣሊያን የገባው ባላምባራስ በመስከረም ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር እኮ። አልሰማህም?»

«ምን ብሎ?»

«ባልሽ ሮቢት ላይ ሞቷል፤ ይኸው አንድ አሞሌ ጨው፣ ይኸው አንድ ጣቃ አቡጀዲ፣ እሺ ካልሽ ቤትሽን ቆርቆሮ አለብሰዋለሁ ብሎ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፣ ሦስቱም የማውቃቸው። አሞሌውን ከፊቴ አስቀመጡት።»

«ምን አልሻቸው?»

«ሞቶም ቢሆን በቁርባን ነው የታሰርኩት፣ ባላምባራስ ሌላ ይፈልጉ አልኩና መለስኩላቸው።» እንደገና ሳቀች፤ በዚህ ጊዜ ግን በነጠላዋ አፏን ሸፍና ነበር። «መጀመሪያ ግን ጥጉን ላስሁት። ፊታቸውን ሲያዞሩ ጠብቄ። ስምንት ወር ጨው አልቀመስኩም ነበር፣ አጥናፌ። ምላሴ እምቢ አለኝ። እሱንም ለአባ ተናዝዣለሁ፤ አርባ ስግደት ሰጡኝ።»

እሱም ሊስቅ ነበር። ፊቱ አልታዘዘው አለና ዝም ብሎ አያት። እሷም የመንገድ ድካም መስሏት «ዐረፍ በል» ብላው ሰፌዱን ይዛ ሄደች። አጥናፌ ያን ሌሊት አልተኛም። በዓይኑ የሚመጣበት እቴነሽም ካቦውም አልነበሩም፤ ፊታቸውን ካዞሩ ሦስት ሽማግሌዎች ኋላ የጨው ጥግ የምትልስ ሴት ናት።

ዓርብ ቀትር ላይ አባ ገብረ ሕይወት ከመጋረጃው አጠገብ አጎዛቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር አያይም፤ ቅዳሴውን በቃላቸው ነው የሚሉት። የአጥናፌን እግር ኮቴ ሰምተው እጃቸውን ወደ ልብሰ ተክህኖው ዘረጉ።

«መጣህ? ልበስ። ጫፉን አይጥ በልታዋለች፣ ታገሠው። ሌላ የለንም።»

«አልለብስም፣ አባ። ክህነት የለኝም።»

የሽማግሌው እጅ ልብሱ ላይ እንዳለ ቀረ። አጥናፌ ተንበርክኮ ሁሉንም ነገራቸው፤ ረቡዕ ከበላው ሥጋ ጀምሮ እስከ እቴነሽ ጓዳ፣ ከእቴነሽ ጓዳ እስከ ወንዙ። አባ ሲሰሙ ጭንቅላታቸውን እንኳ አላነቃነቁም።

«ማን ያውቃል?» አሉ በመጨረሻ።

«ሷሊሕ። እሱም አይናገርም።»

ከውጭ አንዱ ወጣት ሲያስል ተሰማ። ሌላው ዝም አሰኘው። አባ ወደ ድምፁ ዞሩ።

«ልጄ፣ አሁን ምን እንዳሰብኩ ታውቃለህ? ምነው ዝም ባለኝ ብዬ አሰብኩ። ስምንት ቀን ነው እነዚህን ልጆች ያዘጋጀሁት። ዝም ብሎኝ፣ እኔም ሳላውቅ ቀድሼ፣ ቆርበው ቢሄዱ። ይኸን ያሰብኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።»

አጥናፌ አለቀሰ።

«እንዲህ እናድርግ» አሉ አባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዝንብ ገባብኝ እላለሁ። ዝንቡ የእኔ ይሁን። ዓይን የሌለው ሽማግሌ ነኝ፣ ማንም አይጠረጥረኝም። አንተ በኋላ ቀስ ብለህ ወደ ገዳም ትሄዳለህ፣ ሚስትህም ሳታፍር።»

ለአጥናፌ ከቀረበለት ፈተና ሁሉ ይህ የባሰው ነበር፤ ሌሎቹን ያቀረቡለት ጠላቶቹ ናቸው፣ ይህን ግን የሚወዱት አባቱ ከፍቅር አወጡት። እሺ ሊል ደረሰ።

«ትናንት ውሃ፣ ዛሬ ዝንብ» አለ። «ነገም ይጠብቁኛል፣ አባ። ቄስ አለን ብለው ነው የሚጠብቁት። እንደሌላቸው ይወቁት።»

«ትናንት ብትነግረኝ ኖሮ» አሉ አባ፤ «ዛሬ ጎህ ላይ ሄደው ይኸኔ ተመልሰው ነበር።» ቁጣ አልነበረበትም። ለዚህ ነው ዕድሜ ልኩን ያልረሳው።

አጥናፌ ወጥቶ በሰዎቹ ፊት ቆመ። ጥምጥሙን ፈትቶ ድንጋዩ ላይ አኖረው፣ መስቀሉን በላዩ አኖረ። ከዚያ ነገራቸው። ሲናገር አላስረዘመውም፣ አላሳመረውምም። እቴነሽን በስም አላነሣትም። ሲጨርስ ከኋላ አንዱ «ባንዳ» አለ፣ ሌላው ወደ ጠመንጃዎቹ ተራመደ። ግራዝማች እጃቸውን አነሡ።

«ተው። ባንዳ ቢሆን ዛሬ በሕይወት ባልኖርን።» ወደ አጥናፌ ዞሩ። «የትናንቱ ውሃስ? እሱስ እውነት ነው?»

«ውሃው እውነት ነው፣ ግራዝማች። አፌን ግን መዝጋት እችል ነበር።»

ግራዝማች ረጅም ጊዜ አዩት። ሊመቱት ይሆናል ብሎ አስቦ ነበር፤ ቢመቱት ደስ ይለው ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከሱ አንሥተው ሰዎቹን አዩ። «አባ ይባርኩን። ንስሐችን በእጃችን ነው፣ እሱን ማንም አይወስድብንም። ጎህ ሲቀድ እንወርዳለን።» አባም ወጥተው፣ በዳሰሳ አንድ በአንድ ራሳቸውን እየነኩ ባረኳቸው። ቅዳሴ አልተቀደሰም።

ወርቅነሽ ሁሉም ከተበተነ በኋላ መጣች። ክንድ የሚያህለው ቦታ ዛሬም በመካከላቸው ነበር።

«የሴትዮዋን ነገር አልጠይቅህም» አለች። «ደክሞህ ይሆናል፣ ታመህም ይሆናል፣ እኔ አልነበርኩም። እኔ የምጠይቅህ የትናንቱን ነው። ያንን የጨው ነገር ስነግርህ፣ እየሳቅሁ፣ አንተ ዝም ብለህ አየኸኝ። እንዴት አስቻለህ?»

መልሱን አልጠበቀችም፤ እንስራዋን አዝላ ወደ ምንጩ ወረደች።

አጥናፌ ቁስለኛ ከሚሸከሙት ጋር ልሂድ ብሎ ለመነ፣ ማንም አልከለከለውም። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ከምሽጉ በላይ ካለው ቁጥቋጦ ተኝቶ ይጠብቅ ነበር። ምሽጉ ውስጥ አንድ መትረየስ ነው የቀረው፤ ይህን ወሬ የላከው እሱ ነው። ተኩሱ ሲጀመር አንዱ መትረየስ ተሰማ። ጥቂት ቆይቶ ሌላው ተጨመረ፣ ከዚያ ሦስተኛው። በደብረ ሲና መንገድ ላይ ናዳ ወርዶ ነበር። ቅዳሜ ማታ ይመለሳል የተባለው ጓድ መንገዱ ተዘግቶበት ደብረ ሲና ሳይደርስ ዓርብ ማታ ተመልሶ ምሽጉ ውስጥ አድሯል። ከአርባ ሁለቱ አሥራ ዘጠኙ ከድልድዩ ማዶ ቀሩ። ዓርብ ጎህ ላይ ቢሆን ኖሮ አንድ መትረየስና እንቅልፋም ዘበኛ ነበር የሚጠብቃቸው።

ግራዝማች በቀለን ጥይት ሆዳቸውን መትቷቸዋል። ሷሊሕ ከነበቅሎው ደርሶ፣ ከአጥናፌ ጋር ሆኖ እስከ አንድ የግራር ጥላ አመጧቸው፤ ከዚያ በላይ መንቀሳቀስ አልቻሉም። ፊታቸው አመድ መስሏል። ሷሊሕ ራሳቸውን ጭኑ ላይ አስደግፎ በቅል ውሃ ከንፈራቸውን ያርሳል።

«ቄስ ጥሩልኝ» አሉ። ዓይናቸውን ገልጠው አጥናፌን አዩት፣ አወቁት። «አንተ አትችልም፣ አይደል?»

«እግዚአብሔር ይፍታዎ» ማለት ይችል ነበር። ቃሉን ያውቀዋል፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሲለው የኖረ ቃል ነው። ሷሊሕ አይፈርድም፣ የሚሞተውም ሰው ተጽናንቶ ይሄድ ነበር። አጥናፌ አፉን ዘጋ።

«አልችልም፣ ግራዝማች። አባን አመጣለሁ። ይጠብቁኝ።»

«እሞክራለሁ» አሉ።

በቅሎዋ ሌላ ቁስለኛ ጭና ሄዳለች፤ ከግራሩ እስከ ዋሻው ለጎበዝ የአንድ ሰዓት አቀበት ነው። አጥናፌ ሲወጣ ስንት ጊዜ እንደወደቀ አያስታውስም። ዋሻው ሲደርስ አባ ነገሩን በሁለት ቃል ሰምተው መስቀላቸውን ብቻ ያዙ። መራመድ አይችሉም፤ ጀርባውን ሰጣቸው። ከአንድ ስልቻ እህል አይከብዱም ነበር። አንገቱን በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ መስቀሉ ደረቱን እየመታው፣ ቁልቁለቱን ይዞ ወረደ። አባ ጆሮው ላይ ሲጸልዩ ትንፋሻቸው ይሰማዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ጸሎታቸውን አቋርጠው «ቀስ በል፣ ብትወድቅ ሁለታችንም አንደርስም» አሉት።

ግራሩ ሲታየው ሷሊሕን አየ። ሷሊሕ ቆሟል። ኩታው በትከሻው ላይ አልነበረም፤ መሬት ላይ የተኛውን ሰው ከራስ እስከ እግር አልብሶታል። አጥናፌ እርምጃው ቀነሰ፣ ከዚያ ቆመ።

«ደረስን?» አሉ አባ ከጀርባው።

ደርሰናል ቢል እኮ አባ አያዩም። ግራዝማች እንደሚሰሙ አድርገው ፈትተዋቸው፣ ደረስኩላቸው ብለው ደስ ብሏቸው ይኖሩ ነበር።

«አልደረስንም፣ አባ።»

«ታዲያ ምን አቆመህ?»

አጥናፌ ተራምዶ ከግራሩ ሥር ተንበረከከና አባን ቀስ አድርጎ አወረዳቸው። ኩታውን ከሟቹ ፊት ገለጠ፤ የሽማግሌውን እጅ ይዞ የግራዝማች በቀለ ግንባር ላይ አኖረው።